የአምፑል አንገት

አምፖል ስንል አብዛኞቻችን የሚታየን ከጣሪያ ተንጠልጥሎ የሚያበራው ነው። ታሞ ወይም አስታሞ ሐኪም ቤት የከረመ ሰው ግን ሌላውንም ያውቀዋል፤ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ፣ አንገቱ የቀጠነ፣ ጫፉ በእሳት የተደፈነ፣ ሆዱ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሊትር መድኃኒት የቋጠረ የመስታወት ዕቃ ነው። አማርኛችን ሁለቱን በአንድ ስም ይጠራቸዋል፤ አንዳንዱ አምፖል፣ አንዳንዱ አምፑል እያለ። ፈረንሳዮችም እንዲሁ ናቸው። እንዲያውም እነርሱ ሦስተኛ ይጨምሩበታል፤ ጫማ የመታው እግር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚነሣውን እብጠትም በዚሁ ስም ይጠሩታል።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ አንድ ድምፅ ነው። እናቴን ሳስታምም በአንድ ሆስፒታል (ስሙ ይቆየን) አሥራ አንድ ሌሊት ወንበር ላይ አድሬአለሁ። ሌሊት ዋርድ ውስጥ ሰው ሁሉ ሲያንቀላፋ ከነርሶቹ ጠረጴዛ በኩል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። መድኃኒት ተከፈተ ማለት ነው። ከሁለት ከሦስት ሌሊት በኋላ ጆሮዬ ስለ ለመደው ሳልነቃ እሰማው ጀመር። በሰባተኛው ሌሊት ግን «ቀጭ» ካለው ቀጥሎ አንድ የታፈነ «እህ» መጣና ነቃሁ። ወጣቷ ነርስ አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ጨብጣ ቆማለች። ጎዝ ጠቀለለችበት፤ በላዩ ጓንት አጠለቀች፤ የተሰበረውን ጥላ ሌላ ከፈተች፤ መርፌውን ሞልታ ወደ እናቴ መጣችና «ይቅርታ እማማ፣ አቆየሁዎት» አለች። እናቴ ጓንቱ ሥር የሚቀላውን አይታ «እኔን፣ ልጄ!» አለቻት።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በእኛ ቤት የታሰረ ብር ያሰረውም የፈታውም ይታወቃል፤ እስሩ ላይ ማኅተምና ፊርማ አለ፤ ጎድሎ ቢገኝ ማን እንደሚጠየቅ ጥያቄ የለም። ያን ሌሊት ያሰብኩት ይህን ነበር። ይህን መስታወት ማን ደፈነው? ይህስ በታሪክ ተጽፏል። ማን ይከፍተዋል? ይህ ግን የትም የለም። ስለዚህ ለወራት ያገኘሁትን እየለቀምኩ ሳነብ ከረምኩ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። በሮማውያን ዘንድ አምፑላ ማለት ሆዱ የተነፋ፣ አንገቱ የጠበበ፣ ሁለት ጆሮ ያለው የዘይትና የሽቶ ማሰሮ ነበር። ባለቅኔው ሆራስ ስለ ቅኔ ጥበብ በጻፈው መልእክት ውስጥ ይህንኑ የማሰሮ ስም ለተነፋፋ አነጋገር አውሶታል፤ ፈረንሳይኛም እስከ ዛሬ ድረስ ውስጡ ባዶ ሆኖ የተኮፈሰን የአጻጻፍ ስልት በዚያው ቃል ይሰድበዋል። እውነቱን ለመናገር ስለዚህ ጉዳይ መጀመሪያ የጀመርኩት ግጥም ነበር። የቃሉን ትርጉም እዚህ ላይ ሳገኝ ስድስት ስንኝ ቀድጄ ጣልኩ።

ማሰሮው ከሮማውያን ወደ ክርስቲያኖች ተሻገረ። የእኛም ስንክሳር ኅዳር 15 ቀን የሚያስበው የግብጹ ቅዱስ ሚናስ መቃብር ከእስክንድርያ በስተ ደቡብ ምዕራብ ነበርና፣ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ወደዚያ የተጓዙ ምእመናን ቅዱሱ በሁለት ግመሎች መካከል ቆሞ የተቀረጸበት ትንሽ የሸክላ አምፑላ በረከት ሞልተው ወደ አገራቸው ይመለሱ ነበር። ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ከመስታወት በስተ ጀርባ ተደርድረው ይታያሉ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የሬምሱ ነው። የፈረንሳይ ነገሥታት ሲነግሡ የሚቀቡበት ቅባት በሬምስ ከተማ በአንዲት ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ይጠበቅ ነበር፤ ክሎቪስ ሲጠመቅ ርግብ ከሰማይ ይዛው ወረደች ይባል ነበር። ስሙም ቅዱስ አምፑል ነው። አብዮቱ በመጣ ጊዜ ፊሊፕ ሩል የተባለ የብሔራዊው ጉባኤ አባል ጥቅምት 7 ቀን 1793 አደባባይ አወጣና በንጉሥ ሉዊ 15ኛ ሐውልት መቆሚያ ላይ በመዶሻ ሰባበረው። ስብርባሪው ግን ሰው አላጣም፤ ሰበሰብነው ያሉ ሰዎች ተገኙ፤ በ1825 ቻርልስ 10ኛ ሲነግሥ ከዚያ ስብርባሪ ተረፈ በተባለው ቅባት ተቀባ። ነርስ ብታነበው ምን ትል ይሆን እያልኩ ብቻዬን ስቄአለሁ። ከተሰበረ አምፑል ውስጥ ስብርባሪ ለቅሞ መቀባት!

ወደ መድኃኒቱ ልመለስ። በ1853 በሊዮን ሻርል ፕራቫ፣ በኤድንብራ አሌክሳንደር ዉድ መድኃኒትን ወደ ሰውነት ውስጥ የሚያስገባ መርፌ ለሕክምና አቀረቡ። ሞርፊን በደቂቃዎች ውስጥ ሕመም ያስታግስ ጀመር። ሆኖም መርፌው የሚቀዳው በቡሽ ከተከደነ ጠርሙስ ነበረ፤ ጠርሙሱ በየቀኑ ይከፈታል፤ በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል፤ ከሰነበተ ውስጡ ሻጋታ ያበቅላል። አንድ ሐኪም ሕመም ላስታግስ ብሎ መግልና ትኩሳት ሊያስገባ ይችላል ማለት ነው። ፓስተር በ1860ዎቹ ሾርባን በታጠፈ አንገት ብልቃጥ አፍልቶ ያለ ብልሽት በማቆየት በአየር ውስጥ የሚንሳፈፍ ሕይወት እንዳለ ካሳየ በኋላ ይህን ችላ ማለት የሚቻል አልሆነም።

መፍትሔውን ያመጣው ስታኒስላስ ሊሙዛን የተባለ የፓሪስ ፋርማሲስት ነው። ይህ ሰው እጁ ያረፈበት ሁሉ ትንንሽ ነገር ነው፤ መራራ ዱቄት በስስ ቂጣ ሸፍኖ የሚያስውጠውን እንክብል፣ የመድኃኒት ጠብታ መቁጠሪያውን ሠርቷል። በ1886 ደግሞ ይህን አወጣ፦ የመስታወት ብልቃጥ በኃይለኛ ሙቀት ታጽዳለች፣ ለአንድ ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት ይገባባታል፣ አንገቷ በነበልባል ላይ ቀልጦ ይደፈናል። ቡሽ የለም፤ ክዳን የለም፤ ዕቃውና መክደኛው አንድ አካል ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1887፣ ሊሙዛን ሞተ። የሠራው ነገር የት እንደ ደረሰ አላየም።

ጀርመኖቹ ደግሞ የመስታወቱን ባሕርይ አሻሻሉ። ተራ መስታወት ከመድኃኒት ጋር ሲከርም ጨው ጨው የሚል ነገሩን እየለቀቀ መድኃኒቱን ያበላሻል፤ በኢየና ከተማ በ1884 ኦቶ ሾትና ባልደረቦቹ ያቋቋሙት የመስታወት ፋብሪካ ሙቀትንና ኬሚካልን የሚችል ቦሮሲሊኬት መስታወት አወጣ፤ በ1911ም ለአምፑልና ለብልቃጥ ብቻ የሚሆን ፊዮላክስ የተባለ የመስታወት ቱቦ ለገበያ አቀረበ። ያን ጊዜ የመድፈኑ ሥራ አለቀ ማለት ይቻላል።

መክፈቱስ? ሊሙዛን ያወረሰን ዕቃ አንድ ጠባይ አለው፤ ካልሰበሩት አይጠቅምም። ሳጥን ይከፈታል፣ ጠርሙስ ይነቀላል፤ ይህ ግን ይሰበራል። መስታወትን ደግሞ ሲሰብሩት ስለታም መሆኑ የማይቀር ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት መፍትሔው አንዲት ትንሽ ሞረድ ብቻ ነበረች። ከመድኃኒቱ ጋር በካርቶኑ ውስጥ ትመጣለች፤ ነርሷ አንገቱን በሞረዷ ጭራ፣ በጨርቅ ይዛ ቀንጠስ ታደርገዋለች። ጭረቱ ቢያንስ አልሰበር ይላል፤ ቢበዛ ጣት ውስጥ ይደቃል። ፋብሪካው ውስጥ ሙቀቱ በዲግሪ፣ መጠኑ በጠብታ ሲለካ፣ መክፈቱ በአንዲት ሴት ጣት ስሜት ላይ ተጥሎ ቀረ። ይህ ፍትሕ ያለው ክፍፍል አይመስለኝም።

ለምን ጭረት እንደሚያስፈልግ የተነገረው እንኳ ዘግይቶ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ግሪፊት ለአውሮፕላን ብረት ሲጨነቅ መስታወት እያጠና ነበርና በ1921 ባወጣው ጥናት፣ መስታወት በስሌት ከሚገባው ጥንካሬ እጅግ ባነሰ ኃይል የሚሰበረው በላዩ ባሉት ዓይን የማያያቸው ስንጥቆች ምክንያት መሆኑን አስረዳ። ኃይሉ ሁሉ ስንጥቁ ጫፍ ላይ ይከማቻል። መስታወት ሲጨምቁት ብርቱ ነው፤ ስንጥቁን ወደ ጎንና ጎን ሲስቡት ግን ይሸነፋል። እንግዲህ የሰባሪው ጥበብ ስንጥቁን አንድ ቦታ ላይ ብቻ አድርጎ፣ ያንኑ ቦታ መሳብ ነው።

የዛሬው አምፑል በአብዛኛው ይህን ትምህርት አንገቱ ላይ ይዞት ይመጣል። አንዳንዱ ዙሪያውን ባለ ቀለም ቀለበት አለው፤ በቀለበቱ ላይ መስታወቱ ደካማ ነው፤ ከየትም በኩል ይሰበራል። ሌላው አንድ ነጥብ ብቻ አለው፤ ከነጥቧ ሥር ፋብሪካው የጫረው ትንሽ ጭረት ይገኛል። ነጥቧ ጌጥ አይደለችም፤ «አውራ ጣትህን እዚህ» የምትል ምልክት ናት።

ታላቅ እህቴ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለች ነርስ ናት። ጊዜው ያለፈበት የመርፌ ውኃ አምፑል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አሳየችኝ። መጀመሪያ ጽሑፉን አነበበች፤ ወደ ብርሃን አንሥታ መሰንጠቁንና መደፍረሱን አየች። ከዚያ አቁማ ይዛ ጭንቅላቱን በጥፍሯ ጠብ ጠብ አደረገችው፤ ላይ የተንጠለጠለው ፈሳሽ ወደ ሆዱ ወረደ፤ አለዚያ የመድኃኒቱ እኩሌታ ከሚጣለው ጫፍ ጋር ይሄዳል። አንገቱን በአልኮል ጠረገች፤ እስኪደርቅ ጠበቀች። ደረቅ ጎዝ ጠቀለለችበት። ነጥቧን ወደ ራሷ አዞረች፤ አውራ ጣቷን ነጥቧ ላይ አደረገች፤ ጭንቅላቱን ከራሷ አርቃ ወደ ኋላ ገፋችው። ቀጭ።

«አታጥምዝዘው፤ አትጭመቀው» አለችኝ። «ጎኑን ወደ ጎን ብታጎብጠው ይደቅቃል። ሰው ወደ ቆመበትም አትስበር። ጭንቅላቱን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ አትተወው፤ ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ።»

«እትዬ፣ ይህን ሁሉ ሁልጊዜ ታደርጊያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ጎዝ ሲኖር» አለችኝ።

ሞከርኩት። የመጀመሪያው በእጄ ላይ ደቀቀ፤ በጎዙ ምክንያት ተረፍኩ። ሁለተኛው ተከፈተ። መስታወቱ የተላቀቀበትን ጠርዝ በአጉሊ መነጽር አየሁት፤ በዓይን ለስላሳ የመሰለኝ የተሰበረ ተራራ ይመስላል።

ከዚህ በኋላ ነው ሌላው ጣጣ የሚመጣው። መስታወት ሲሰበር የሚወድቀው በጣት ላይ ብቻ አይደለም፤ ወደ መድኃኒቱም ይገባል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጋርቫንና ጋነር የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ባዕድ ነገሮች ጥንቸል ሳንባ ውስጥ ቁስለት እንደሚያበቅሉ አሳዩ። ቀጥለው የመጡ ተመራማሪዎች ከተሰበረ አምፑል የተቀዳውን መድኃኒት በማይክሮስኮፕ ሲያዩ የመስታወት ቅንጣት አገኙበት። ለዚህ የተሠራው ወንፊት ያለው መርፌ ነው፤ ወንፊቱ ከአምስት ሚክሮን በላይ የሆነውን ያስቀራል፤ የሰው ጠጉር ውፍረት ሰባ ሚክሮን ያህል መሆኑን ስናስብ ምን ያህል ጥቃቅን እንደሚያጠምድ ይገባናል። በዚህ መርፌ ተቀድቶ፣ ሌላ መርፌ ተቀይሮ ይወጋል፤ በቀዱበት ቢወጉ ወንፊቱ የያዘውን መልሶ ሕመምተኛው ላይ ማራገፍ ነውና። እህቴ በመጽሐፍ ተምራዋለች። በእጇ የያዘችው ግን ጥቂት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ እሷ አምፑሉን ከከፈተች በኋላ ጥቂት ታግሣ፣ ጋደል አድርጋ፣ የመርፌው ጫፍ የተሰበረውን ጠርዝና ታችኛውን ወለል እንዳይነካ እየተጠነቀቀች በዝግታ ትቀዳለች።

ስለ መስታወት መሰንጠቅ ሳነብ ያገኘሁትን አንድ ታሪክ ግን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ጥቅምት 13 ቀን 1947 በእንግሊዝ አገር በቼስተርፊልድ ሆስፒታል ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ለቀላል ቀዶ ሕክምና ገቡ። ሁለቱም ጀርባቸው ላይ ማደንዘዣ ተወጉ። ሁለቱም ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው ወጡ። በዚያ ዘመን የማደንዘዣው አምፑል ውጫዊ ገጹ እንዲጸዳ ፌኖል የሚባል ብርቱ ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ውስጥ ይነከር ነበር። ጉዳዩ ለፍርድ ሲቀርብ የተሰጠው ማብራሪያ ዓይን በማያየው የመስታወት ስንጥቅ በኩል ፌኖሉ ሰርጎ ማደንዘዣውን መርዞታል የሚል ሆነ። ሕመምተኞቹ ተረቱ። በ1954 በይግባኝ ሰሚው ችሎት ዳኛው ሎርድ ዴኒንግ፣ በ1947 ማንም ያላወቀውን አደጋ በ1954 መነጽር ማየት አይገባም ሲል ፈረደ፤ አነጋገሩ በሕግ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ከአርባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1990፣ ነገሩ እንደገና ተመርምሮ ጥፋቱ ከአምፑሉ ሳይሆን መርፌና ሲሪንጅ ከሚቀቀልበት ዕቃ፣ በውስጡ የረጋውን የውኃ ጨው ለማስለቀቅ ከተጨመረበትና ሳይታጠብ ከቀረው አሲድ ሳይሆን አይቀርም የሚል አስተያየት ቀረበ። እንግዲህ መስታወቱ ለአሥርት ዓመታት በሐሰት ተከሶ ይሆናል። ሁለቱ ሰዎች ግን በማንኛውም መነጽር ቢታዩ አልተራመዱም።

ዛሬ ፋብሪካዎች ከፕላስቲክ የሚነፉት፣ ጫፉ በጣት ተጠምዝዞ የሚነቀል አምፑል አለ፤ መድኃኒቱ ተሞልቶ የሚመጣ ሲሪንጅም አለ። ቢሆንም መስታወቱ ከሥራ አልወጣም። ልብ ለቆመበት ሰው የሚሰጠው አድሬናሊን ብዙ ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር አምፑል ይመጣል። ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ ለእናቲቱ የሚወጋው ኦክሲቶሲንም እንዲሁ፤ አሥር ዩኒት፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በቀዝቃዛ ተጠብቆ፣ ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያው ደቂቃ። ጥንቃቄ ጊዜ ይፈልጋል፤ እነዚህ መድኃኒቶች ደግሞ የሚፈለጉት ጊዜ ሲጠፋ ነው።

እህቴን በዕድሜዋ ስንት አምፑል እንደ ከፈተች ጠየቅኋት። «ገንዘብ ቆጣሪው አንተ፤ ቁጠረው» አለችኝ። በቀን አሥር፣ በዓመት ሁለት መቶ ሃምሳ የሥራ ቀን ብዬ በሃያ ሁለት ዓመት አባዛሁት፤ 55,000 ሆነ። ወረቀቱን ሳሳያት አየችውና ዝም አለች። ቆይታ «የማስታውሰው አንዱን ነው» አለች።

ሥራ በጀመረችባቸው ዓመታት በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ነበረች። ሌሊት ነው፤ መብራት ጠፍቷል። አንዲት እናት ወልዳለች፤ የእንግዴ ልጁም ወጥቷል፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። አማቲቱ ባትሪ ይዘው ቆመዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ብርሃኑም አብሮ ይንቀጠቀጣል። እህቴ አምፑሉን አወጣች። ነጥቧ አትታይም። በጣት አትዳሰስም፤ ቀለም ናትና። ጎዝ የለም፤ የነበረው ሁሉ ሌላ ሥራ ላይ ነው። ባገኘችው በኩል ሰበረችው። እጇ ውስጥ ደቀቀ። መድኃኒቱ በክንዷ ወረደ።

«አምፖሉ ጠፍቶ አምፑል ሰበርኩ» አለችኝ፤ እየሣቀች አልነበረም።

የቀረው አንድ ነበር። አማቲቱን «እናቴ፣ ባትሪውን ከእጄ ሥር ያድርጉልኝ» ብላ፣ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ ነጥቧ ከብርሃኑ ፊት እስክትመጣ ድረስ በሁለት ጣቶቿ መካከል ቀስ አድርጋ አሽከረከረችው። ያ ማሽከርከር ምን ያህል እንደ ረዘመባት አትጠይቀኝ አለች። ከፈተችው፤ ወጋች፤ ማሕፀኑን አሸች፤ ጎሕ ሲቀድ ደሙ ቀንሶ ነበር። እናቲቱ በሦስተኛው ቀን በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች።

እህቴ ጣቷን ያየችው ከነጋ በኋላ ነው። ታጠበችና አሰረችው፤ ዳነ። ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ እሑድ ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም አውራ ጣቷን አንድ ነገር ወጋት። ጠጠር መስሏት ከሰፌዱ ላይ ፈለገችው፤ የለም። ጣቷን ስትጨምቀው ብቅ አለ። አንሥታ መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ ፀሐዩ ብታዞረው፣ ከምስሯ ቅንጣት ያነሰ ነገር ያበራል።